«ሶል ማን»ን ዛሬ ላይ እንዴት ማየት ይቻላል? የአንድ ምሽት መመሪያ

«ሶል ማን» የተባለው ኮሜዲ ፊልም አሜሪካ ውስጥ ለእይታ የበቃው በ1986 ጥቅምት ላይ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ የፈረንጆች ናቸው)። ታሪኩን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ይህን የፈቀደው ማን ነው?» ነው። ማርክ ዋትሰን የሚባል የሎስ አንጀለስ ሀብታም ልጅ ሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ይገባል። አባቱ «ከእንግዲህ ራስህን ቻል» ብለው ክፍያውን ይነፍጉታል። ብድር ፍለጋ ሲንከራተት ለጥቁር ተማሪ የተመደበ የነጻ ትምህርት ዕድል ያያል። ቆዳ የሚያጠይም ኪኒን ከታዘዘው በላይ ይውጣል፣ ጸጉሩን ያንጨፈርራል፣ «ጥቁር ነኝ» ብሎ ትምህርቱን ይጀምራል።

ሐሳቡ ያስቀይማል፤ ከእውነትም በብዙ የራቀ ነው። ሆኖም ውስጡ ከልብ የሚያስቅ ነገር አለ። ይህን ፊልም የሚያበላሹ ተመልካቾች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ «ፊልም እኮ ነው» ብሎ ሁሉንም አብሮ ይውጣል። ሌላው በየአምስት ደቂቃው አስቁሞ ስብከት ይጀምራል። የመጀመሪያው ሳይገባው ይስቃል፤ ሁለተኛው ሌላውንም ሳያስቅ ያድራል። የሚሻለው ቅሬታውን አስቀድሞ በአጭሩ ተናግሮ መጨረስ፣ ከዚያ ፊልሙ ሲሮጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ መቀመጥ ነው፤ ይህ ቀልድ የሚያርፈው ማን ላይ ነው?

ማን ይጠራ

ፊልሙ 104 ደቂቃ ይወስዳል። ለመግቢያ 10፣ ለመሃል ዕረፍት 20፣ ለኋላ ጨዋታ 30 ደቂቃ ሲጨመር ወደ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይጠጋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ከጀመራችሁ ከ4 ሰዓት በፊት ታልቃላችሁ።

ከአራት እስከ ሰባት ሰው ልክ ነው። ብቻውን በስልክ የሚያይ ሰው አይስቅም፤ እንዲህ ዓይነት ኮሜዲ የሌላ ሰው ሳቅ ይፈልጋል። ከስምንት በላይ ሲሆን ደግሞ ጥግ ላይ ሹክሹክታ ይጀመርና የንግግሩ ቀልድ ያልፋል። ሲወጣ የተሰጠው ደረጃ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ወላጅ እንዲያስብበት የሚያሳስብ ነበር። የአልጋ ትዕይንትና የዘር ስድብ ስላለበት እኛ ከ15 ዓመት በታች ላለ ልጅ አናሳይም።

ቤተሰቡ አሜሪካ የሚኖር ከሆነ አንድ ነገር ይታሰብበት። እዚያ ተወልዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ ትምህርት ቤትም ሆነ መንገድ ላይ የሚታየው እንደ ጥቁር ነው፤ «እኛ ሐበሾች ነን» የሚለው የቤት ውስጥ ንግግር ፖሊስ ሲያስቆመው አይሠራለትም። አዋቂ ሆኖ ከአገር የወጣ ወላጅ ግን ፊልሙን «የነሱ ጉዳይ» አድርጎ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ ልጁ ሶፋው ላይ ከመቀመጡ በፊት ታሪኩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሩትና «ታያለህ ወይስ ይቅርብህ?» በሉት። በመሃል ተነሥቶ ቢወጣም «ምን ሆነህ ነው?» ተብሎ እንደማይጠየቅ አብራችሁ ንገሩት።

መግቢያው፦ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ አይበልጥም

መግቢያ የሚያደርግ አንድ ሰው ምረጡ። ሁለት ሲሆኑ ክርክር ይጀመራል። የሚናገራቸው ነገሮች ሦስት ናቸው።

መጀመሪያ ስሙ። «ሶል»ን «ነፍስ» ብሎ የተረጎመ ሰው «የነፍስ ሰው» ይልና ተመልካቹ የመነኩሴ ታሪክ ይጠብቃል። ስሙ የመጣው በ1967 ሳም እና ዴቭ የሚባሉ ሁለት ድምፃውያን ከተጫወቱት ዘፈን ነው። ከደራሲዎቹ አንዱ የነበረው አይዛክ ሄይስ ሐሳቡን ያገኘው በዚያው ዓመት ዲትሮይት ውስጥ የተነሣውን ረብሻ በዜና ሲከታተል ነበር። የጥቁሮች በሆኑ ሱቆችና ቤቶች ላይ «ሶል» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ እሳቱ እንዲያልፋቸው። ማለት «የወገን ነው፣ አትንኩት» ማለት ነው። ፊልሙ ይህን ቃል አንሥቶ ለነጭ ልጅ አለበሰው። ይህን ያወቀ ተመልካች ርዕሱ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ገና ፈገግ ይላል፣ ወይም ግንባሩን ይቋጥራል።

ሁለተኛው ቀለሙ ነው። አገር ቤት ያደገ ሰው «ፊት ጥቁር መቀባት ምኑ ነው ነውሩ?» ቢል አይፈረድበትም፤ ታሪኩ የዚያ አገር ነው። አሠራሩን መንገር ከረጅም ማብራሪያ ይሻላል። የጠርሙስ ቡሽ ይቃጠላል፤ ከሰሉ ይደቅቅና በውሃ ወይም በቅባት ይለወሳል፤ ፊትና አንገት ይቀባል፤ ከንፈሩ ዙሪያ ሰፋ ተደርጎ ሳይቀባ ይተዋል ወይም በቀይ በነጭ ይጎላል፤ ነጭ እጅ እንዳይታይ ጓንት ይደረጋል። ከዚያ ነጩ ተዋናይ መድረክ ላይ ወጥቶ ሰነፍ፣ ሆዳም፣ ቂል ሰው ሆኖ ይደንሳል። በ1830ዎቹ ቶማስ ራይስ የሚባል ነጭ ተዋናይ በዚህ መልክ «ጂም ክሮው» የሚል ገጸ ባሕርይ ተጫውቶ ገነነበት፤ ያ ስም በኋላ ጥቁርና ነጭን የሚለዩት ሕጎች መጠሪያ ሆነ። ለድምፅ ፊልም በር የከፈተው የ1927ቱ ሥራ እንኳ ዋናውን ተዋናይ ፊቱን አጥቁሮ ነው ያዘፈነው። ሆላንድ የሚኖሩ አንባቢዎች ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ፊቱን አጥቁሮ ይወጣ የነበረውን «ጥቁር ፒት» ካስታወሱ ነገሩ ቶሎ ይገባቸዋል።

ሦስተኛውና ብዙዎች የሚዘሉት፣ ተቃውሞው ስለ ቀለሙ ብቻ አልነበረም። ፊልሙ ሲወጣ የሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ የዩሲኤልኤ ጥቁር ተማሪዎች ሲኒማ ቤት ደጃፍ ላይ ተሰልፈዋል፤ የጥቁሮች መብት ማኅበር የሆነው ኤንኤኤሲፒም ወቅሶታል። የማኅበሩ ነጥብ ጠበቅ ያለ ነበር፦ በቀልድ ዘረኝነትን ማጋለጥ ይቻላል፣ ነገር ግን ታሪኩ የቆመው ሎስ አንጀለስን በሚያህል ከተማ ለዚያ ዕድል የሚበቃ አንድ ጥቁር ተማሪ ጠፋ በሚል መሠረት ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ ፊልሙ ውስጥ እንደ ቀልድ አልቀረበም። ይህን ይዛችሁ ስታዩ ሣራ የምትባለዋን ተማሪ ልብ በሉ። ልጇን ብቻዋን እያሳደገች፣ በአስተናጋጅነት እየሠራች ትማራለች፤ ዕድሉ ለእሷ ይደርስ እንደነበር ማርክ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ፊልሙ ለወቀሳው የሰጠው ግማሽ መልስ እሷ ናት። ግማሽ ያልነው ታሪኩ እስከ መጨረሻው የማርክ ሆኖ ስለሚቀር ነው።

መግቢያው እዚህ ይብቃ። ዘመኑን ማወቅ ለሚፈልግ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር፦ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 ባኪ በተባለው መዝገብ የዘር ኮታን ከልክሎ ዘርን እንደ አንድ መመዘኛ ማየትን ፈቅዶ ነበር፣ ፊልሙ የተሠራው ያ ክርክር ሳይበርድ ነው፤ በ2023 ፍርድ ቤቱ ያንን ፈቃድ ሲያነሣ ከተከሳሾቹ አንዱ ራሱ ሃርቫርድ ነበር።

ሁለት ሲኒና ጥሬ ሽምብራ

በየመሃሉ አስቁሞ ማውራት ኮሜዲን ይገድላል። ዝም ብሎ ማየት ደግሞ አንዳንዱን ሰው ያሳምማል። ለዚህ የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። ለእያንዳንዱ ተመልካች 20 ፍሬ ጥሬ ሽምብራ ስጡ። መሃል ላይ ሁለት የቡና ሲኒ አስቀምጡ። አንዱ «ኧረ በናታችሁ!» ይባላል፤ ፊልሙ የማይታመን ነገር እመኑ ባላችሁ ቁጥር አንድ ፍሬ እዚያ ይገባል። ሌላው «ይሄስ ያማል» ነው። ማንም ለምን እንደጣለ አይናገርም፤ የሚነገረው ካለቀ በኋላ ነው።

ሽምብራው ጥሬ ይሁን የምንለው በምክንያት ነው። የተቆላ ከሆነ ዕረፍት ሳይደርስ ተበልቶ ያልቃል። ለአፍ ፈንዲሻ አዘጋጁ፤ 100 ግራም የፈንዲሻ በቆሎ በሁለት ሾርባ ማንኪያ ዘይት ሲፈነዳ ለአራት ሰው ይበቃል።

የመጀመሪያው ሲኒ ቶሎ ይሞላል። ማርክን የሚጫወተው ሲ. ቶማስ ሃውል ፊቱን ሲቀባ ጥቁር ሰው አይመስልም፤ ጫማ ቀለም የተደፋበት የካሊፎርኒያ ልጅ ነው የሚመስለው፤ ሃርቫርድን የሚያህል ተቋም ደግሞ አንድ ሰው አይጠረጥርም። በዚህ አትናደዱ። የዚህ ፊልም ደስታ ግማሹ እዚህ አለ፤ አዋቂዎች፣ ፕሮፌሰሮች፣ የሕግ ሰዎች ቆመው የሚያዩትን ላለማየት ሲተጉ ማየት ያስቃል።

ኪኒኑን በተመለከተ «እንዲህ ያለ ነገር አለ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አለ፣ በከፊል። ለለምጽ ሕክምና የሚሰጥ፣ ቆዳን ለጨረር የሚያነቃ መድኃኒት አለ። በ1959 ጆን ሃዋርድ ግሪፈን የሚባል ነጭ የቴክሳስ ጸሐፊ ይህንኑ በሐኪም ክትትል ወስዶ፣ ለሰዓታት መብራት ሥር ተኝቶ፣ ላዩም ላይ ቀለም ጨምሮ እንደ ጥቁር በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ተዘዋውሯል። ከታዘዘው በላይ የወሰደ ሰው ግን ጥቁር አይሆንም፤ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ይቃጠላል። ፍሬዋን ጣሉና እለፉ።

ለአባትና ለእናት ማስተርጎም

ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የማይከተሉ ትልልቅ ሰዎች ካሉ አንድ ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ይተርጉም። ከባዱ ሥራ ይህ ነው፤ ፊልሙ በብዛት የሚበላሸውም እዚህ ነው።

የዘሩን ስድብ ወደ አማርኛ ስታመጡ «ባሪያ» አትበሉ። ቃሉ በራሱ አገር፣ በራሱ ሰዎች ላይ ያረፈ ሌላ ቁስል አለው፤ እዚህ ስታስገቡት የአሜሪካው ጉዳይ ይጠፋና ሶፋው ላይ ሌላ ታሪክ ይነሣል። «ጥቁሮችን የሚሰድቡበትን ቃል አለው» ብሎ ማለፍ ይበቃል። ሁለተኛው ጣጣ የቀለም ስሞቻችን ናቸው። ማርክ ተቀብቶ ብቅ ሲል ከትልልቆቹ አንዱ «ይሄ ጠይም ነው እንጂ ጥቁሩ የታለ?» ማለቱ አይቀርም። ሣራን የምትጫወተው ሬይ ዶን ቾንግ የታወቀው ኮሜዲያን የቶሚ ቾንግ ልጅ ናት፤ በኛ አቆጣጠር «ቀይ» ናት። እኛ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን መልክን እንለያለን፤ የአሜሪካው አቆጣጠር ግን የመልክ አይደለም፣ የዘር ሐረግ ነው። ከአያት ቅድመ አያት አንድ ጥቁር ካለ ሰውየው ጥቁር ነው ይላል፤ በአንዳንድ ግዛቶች ይህ በሕግ ተጽፎ ነበር። ይህን አንድ ጊዜ በመግቢያው ላይ ከነገራችኋቸው፣ ፊልሙ መሃል «እሷም ጥቁር ናት?» የሚለው ጥያቄ አይመጣም።

ቀልዱን ሁሉ ለመተርጎም አትሞክሩ። በቃል ጨዋታ የሚያስቀውን ዝለሉ፤ ሁኔታው የሚያስቀውን ግን ትዕይንቱ ሲጀምር በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድማችሁ ንገሩ። ቀልዱ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ትርጉም ቡና ከተጠጣ በኋላ እንደሚመጣ ስኳር ነው።

የሳቁ ቦታዎች

የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ይጎትታሉ፤ አባትየውን የሚመክረው የሥነ አእምሮ ሐኪም ባይኖር ይሰለቹ ነበር። ታገሡ።

ጥሩው ሳቅ ቅርጫት ኳሱ ላይ ይጀምራል። ተማሪዎቹ ቡድን ሲመርጡ ማርክን ለማግኘት ይሻማሉ፤ ጥቁር ነውና ይችላል ብለው። እሱ ግን ኳሷን መያዝ እንኳ ያቅተዋል። ጥያቄያችንን እዚህ ሞክሩት፦ ቀልዱ ያረፈው ማን ላይ ነው? ማርክ ላይ አይደለም፣ ጥቁሮችም ላይ አይደለም፤ ቆዳ አይተው ተጫዋች የመረጡት ላይ ነው። ንጹሕ ቀልድ ነው፣ ያለ ሐሳብ ሳቁ። በነገራችን ላይ እዚህ ትዕይንት ላይ የወቅቱ ፕሬዚዳንት የሮናልድ ሬገን ልጅ በትንሽ ሚና አለ፤ ለሚያውቀው ሰው ሌላ ሳቅ ነው።

ከዚያ ምግብ ቤት ውስጥ የዘር ቀልድ እያወሩ ማርክን ሲያዩ ይቅርታ የሚጠይቁ ሁለት ተማሪዎች አሉ። ደጋግመው ይመጣሉ። በእያንዳንዱ ጊዜ የማርክን ፊት እንጂ የእነሱን አፍ አትከተሉ፤ የቀልዱ ሂደት እዚያ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ግድ አይሰጠውም፤ እየቆየ ፊቱ ይለወጣል፤ ሒሳቡ የሚዘጋው ፊልሙ ሲያልቅ ነው።

አከራዩን የሚጫወተው ሌስሊ ኒልሰን ነው፤ ፊቱን ሳያንቀሳቅስ ሰው የሚያስቅ ተዋናይ። ማርክ ቤታቸው ራት ሲጋበዝ የሚመጣው ትዕይንት የፊልሙ ከባድ ቦታ ነው፤ ቀስ ብለን እንየው። ማርክ በጨዋነት ተቀምጦ ይበላል። ካሜራው ወደየቤተሰቡ አባል ይዞርና በጭንቅላታቸው ያለውን ያሳየናል። አባትየው ማርክን በሴት የሚነግድ ዱርዬ አድርጎ ያየዋል፣ ሐብሐብ ሲገምጥ። እናትየው በፍርሃትና በምኞት መካከል ሌላ ነገር ታያለች። ትንሹ ልጅ ደግሞ የሮክ ኮከብ ያየዋል። የእኛ ሰው ሐብሐቡ ላይ አይስቅም፣ አይቆጣምም፤ ፍራፍሬ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከባርነት ነጻ የወጡ ጥቁሮች ሐብሐብ አምርተው በመሸጥ ራሳቸውን ይችሉ ነበር፤ ይህ ያልተዋጠላቸው ነጮች ሐብሐቡን የስንፍናና የሆዳምነት ምልክት አድርገው በሥዕልና በመድረክ ለዘመናት አሾፉበት።

እና ቀልዱ ማን ላይ አረፈ? በሐሳብ ደረጃ ቤተሰቡ ላይ ነው፤ ቅዠቱ የእነሱ ነው። ነገር ግን ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብሎ የሚታየው ያው የጥንቱ የመድረክ ሥዕል ነው፣ ያውም በተቀባ ነጭ ፊት። ሁለቱም እውነት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ አንዱ ሲስቅ ሌላው «ይሄስ ያማል» ውስጥ ፍሬ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ማስቆም ግን አያስፈልግም፤ ፍሬዋ ትናገራለች።

የአከራዩ ልጅ ማርክን የምትፈልገው ስለ ራሱ አይደለም፤ የዘመናት ጭቆና ያለበትን ሰው ማቀፍ ስለምትፈልግ ነው፤ ይህንንም አልጋ ላይ በአፏ ትናገራለች። «ጥቁር ወዳድ ነኝ» በሚል ነጭ ላይ የተወረወረ ስለታም ቀልድ ነው፤ ከአማት ፊት ግን አይታይም። የርቀት መቆጣጠሪያውን የያዘ ሰው እዚህ ይንቃ።

ፖሊስ ማርክን የሚያስቆምበትና እስር ቤት የሚያድርበት ክፍል ላይ ሳቁ ራሱ ይቀንሳል። ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁን ዋጋ ያስከፍለዋል። የዕረፍቱ ቦታ እዚህ ነው። ቡና የሚፈላ ከሆነ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ተቆልቶ ተወቅጦ ይቆይ፤ አቦሉ በ20 ደቂቃ እንዲደርስ። ቶናና በረካው ለኋላ ጨዋታ ይተርፋል።

ከዕረፍት በኋላ ያለው ምርጡ ነገር የወላጆቹ ድንገተኛ ጉብኝት ነው። ማርክ ቤት ውስጥ ሦስት ወገን ገብቷል፤ ልጃቸው እንደጠቆረ የማያውቁ ወላጆቹ፣ ነጭነቱን የማታውቀው ሣራ፣ እሱን የምትፈልገው የአከራዩ ልጅ። በር እየዘጋ በር እየከፈተ፣ ፊቱን እየደበቀ ይሯሯጣል። ይህ የዘር ቀልድ አይደለም፤ ከቲያትር ቤት የመጣ የበር ቀልድ ነው፤ ከ1986 ወዲህ ያላረጀውም እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ የሚተረጉም ሰው ዝም ይበል፣ ሁሉም ይታያል።

በሙሉ ፊልሙ ፕሮፌሰር ባንክስን የሚጫወተው ጄምስ ኧርል ጆንስ ነው፤ በ1988ቱ የኤዲ መርፊ ኮሜዲ የዛሙንዳ ንጉሥ የሆነው፣ ያ የሚያስገመግም ድምፅ ያለው። እሱ ሲናገር ድምፁን ከፍ አድርጉት። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ከማርክ ጋር የሚነጋገሩበት ክፍል አለ፤ ጥቁር መሆን ምን እንደሚመስል አሁን ታውቃለህ ዓይነት ነገር ሲለው ልጁ «አላውቅም» ይላል፤ ባይስማማኝ በፈለግሁት ጊዜ መተው እችል ነበርና። ፊልሙ ራሱን ከወቀሰበት ይህ ነው የተሻለው ቦታ፤ ያኔ ግን ሰው ሲኒ ሊሰበስብ ይነሣል፣ ፈንዲሻ ይንኮሻኮሻል። አስቀድማችሁ «የመጨረሻው አሥር ደቂቃ ላይ ማንም አይነሣ» በሉ።

የሚበላሽባቸው መንገዶች

አስተናጋጁ ይቅርታ ያበዛል። «እኔ እኮ አልደግፈውም፣ ግን…» እያለ ሩብ ሰዓት ከወሰደ ሰው ለመሳቅ ይፈራል። መግቢያው መረጃ ይሁን፣ ኑዛዜ አይሁን።

አንድ ሰው የሳቀውን ይቆጣጠራል። «በዚህ ትስቃለህ?» የሚለው ጥያቄ አንዴ ከተሰማ ምሽቱ አበቃ። ሳቅ አስተያየት አይደለም፤ ሰው በሁኔታው ስቆ በሐሳቡ ሊያፍር ይችላል።

ትዕይንቱ በስልክ ተቀርጾ ይላካል። የተቀባ ፊት ያለበት የ15 ሰከንድ ቁራጭ ከታሪኩ ተቆርጦ ሲወጣ ፊልሙን አይደለም የሚያሳየው፣ ቀለሙን ብቻ ነው። በተለይ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ቢያጋራው ጣጣው ለእሱ ይተርፋል። አለባበሱንም ለሃሎዊን መኮረጅ እንደዚያው።

ፊልሙ እንደ ታሪክ ማስረጃ ይወሰዳል። ጥቁር በመባል ብቻ ሃርቫርድ በቀላሉ የሚገባ የሚመስለው ተመልካች ካለ፣ መልሱ ሣራ ናት፤ ስንት ሰዓት እንደምትሠራ ጠቁሙትና ተዉት።

ካለቀ በኋላ

መብራት አብሩ፣ ቶናው ይቀዳ፣ ሁለቱ ሲኒዎች ይገልበጡ። የማይታመነውን ሲኒ መቁጠር ሳቅ ነው፤ በሁለት ደቂቃ ይለቅ። «ይሄስ ያማል»ን ግን አንድ በአንድ አንሡ። እያንዳንዱ የራሱን ፍሬ የጣለበትን ትዕይንት ይናገር፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ትንሹ ሰው ይጀምር፤ ትልቅ ሰው ከጀመረ ልጆቹ የእሱን ይደግማሉ። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ አንዱ ስቆ ሌላው ፍሬ ከጣለ ያንን ትዕይንት መልሳችሁ እዩት፣ አሁን እያስቆማችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያ ቦታ ራቱ ነው።

ለማነጻጸር የሚሆን አጭር ነገር የፈለገ የኤዲ መርፊን የ1984 የቴሌቪዥን ጭውውት ይፈልግ። መርፊ ነጭ ሆኖ ተቀብቶ ኒው ዮርክ ውስጥ ይዞራል፤ ጋዜጣ ሲገዛ ገንዘብ አይቀበሉትም፤ አውቶቡስ ውስጥ የመጨረሻው ጥቁር ሲወርድ ሙዚቃና መጠጥ ይጀመራል። ከ10 ደቂቃ ያነሰ ነው፣ በዚያው ምሽት ይታያል። ረጅሙን የፈለገ ደግሞ በ1970 ሜልቪን ቫን ፒብልስ የሠራውን «ወተርሜለን ማን» ያግኝ፤ ዘረኛ የሆነ ነጭ የኢንሹራንስ ሠራተኛ አንድ ቀን ጥቁር ሆኖ ይነቃል። እዚያ ቀለም የተቀባው በተቃራኒው ነው፤ ጥቁሩ ተዋናይ ጎድፍሬይ ካምብሪጅ መጀመሪያ ላይ ነጭ ተቀብቶ ይጫወታል፣ በኋላ የራሱን ፊት ይዞ ይቀጥላል። ስቱዲዮው ነገሩ ሁሉ ሕልም ነበር ተብሎ እንዲያልቅ ፈልጎ ነበር፤ ዳይሬክተሩ እምቢ አለ። ከ«ሶል ማን» ጋር በአንድ ሌሊት ግን አታያይዟቸው፤ ሁለተኛው መራራ ነው፣ ደክሞት የሚያየው ሰው ቀልዱ አይታየውም። ሳምንት ይቆይ፣ ሽምብራውን እጠቡና አስቀምጡ።